አራት ነጥብ ሦስት

ዌዚ ጎንድዌ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሰው ናት። "እከሌ ታሞ ነው የቀረው" ቢሏት "የሐኪም ወረቀቱስ?" ትላለች። "መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ነው" ቢሏት ስልኳን አውጥታ ትናንት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ታያለች። በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አብረዋት የሚሠሩት ሲያሟት "ባሏ እወድሻለሁ ቢላት ማስረጃ ትጠይቀዋለች" ይላሉ። ሐሰትም አይደለም። ግን አይፈረድባትም፤ ሥራዋ ነው እንዲህ ያደረጋት።

ወረዳው አሥራ አራት ጤና ጣቢያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ። በየማቀዝቀዣው ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል መለኪያ ተሰክታለች፤ በየአምስት ደቂቃው ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለክታ በሲም ካርድ ትልካለች። ቁጥሩ ቀን ከሌት እየፈሰሰ ሊሎንግዌ ያለ ሰርቨር ላይ ይጠራቀማል። ዌዚ ደግሞ በፓይዘን የጻፈቻት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለቻት። ፕሮግራሟ ሰርቨሩን "የእከሌን ጣቢያ ያለፈውን ሁለት ሳምንት፣ በየሰዓቱ አማካዩን አውጥተህ ስጠኝ" ብላ ትጠይቅና መልሱን መስመር አድርጋ ትስልላታለች። መስመሩ ከሁለት ዲግሪ በታች ከወረደ ወይም ከስምንት በላይ ከወጣ የዌዚ ስልክ ይጮኻል። ካልጮኸ ክትባቱ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ሕፃናቱም ደኅና ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ካለው ካርቶን ላይ ሰቅላ፣ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚዋን በሻይ እየነከረች አሥራ አራቱን መስመሮች አንድ በአንድ ስታገላብጥ ካፎንጋ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጤነኛ ማቀዝቀዣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። በሩ ሲከፈት ወደ ላይ ይላል፤ ሲዘጋ ይወርዳል፤ መብራት ሲጠፋ ቀስ ብሎ ይንጠራራል። የካፎንጋው ግን ዝም ብሎ ተጋድሟል። አራት ነጥብ ሦስት። ትናንትም አራት ነጥብ ሦስት። ከትናንት ወዲያም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ሌሊት የለ፣ ቀትር የለ፣ አራት ነጥብ ሦስት።

"አይ አዳዳ ሃራዋ" አለች ለራሷ። "ያዝኩዎት።"

ሃራዋ የካፎንጋ ማቀዝቀዣ ጠባቂ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የኖሩ፣ ለጡረታ ሦስት ወር የቀራቸው ሽማግሌ። ሰው ሁሉ አዳዳ ይላቸዋል፤ አባታችን እንደማለት ነው። ዌዚ ከእሳቸው ጋር ነገር የጀመረችው ዓምና ነው። ያን ጊዜ አሥራ አራቱንም ጣቢያ ዞራ "ከዛሬ ጀምሮ የሙቀት ወረቀት መሙላት ቀርቷል፤ ማሽኑ ይጽፍላችኋል" ስትል ከአንድ ሰው በቀር ያልተደሰተ አልነበረም። የወረቀቱን ኃጢአት ሁሉም ያውቀዋል። ጠዋትና ከሰዓት ቴርሞሜትሩን እያዩ መጻፍ ነበር ደንቡ፤ ሰዉ ግን ዓርብ ከሰዓት የቅዳሜውንና የእሑዱንም አብሮ ሞልቶት ይሄዳል። "ያው እንደ ዓርቡ ነው" ይላሉ፤ ማን አየ? ወረቀቱ ሲቀር ዐሥራ ሦስቱ አጨበጨቡ። ሃራዋ ብቻ "እኔ የራሴን እጽፋለሁ፣ ማዳም" አሏት። ይኸው እስከ ዛሬ በየሳምንቱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ አንድ ወረቀት ይልካሉ። ዌዚም "ደርሶኛል" የሚል ማህተም ትመታበትና እግሯን የምታሳርፍበት ካርቶን ውስጥ ትወረውረዋለች።

ከዚያች ጊዜ ጀምሮ ጥርጣሬዋ ቦታ ይዞ ተቀመጠ። ማሽን የሚያይለትን ሥራ በእጁ ካልሠራሁ የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብላ አሰበች። አሁን ደግሞ ነገሩ ተገጣጠመላት። ሽማግሌው መለኪያዋን ከማቀዝቀዣው አውጥተው በረዶ ውኃ ያለበት ፔርሙስ ውስጥ ከተዋታል፤ ማቀዝቀዣው ይበላሽ አይበላሽ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ደግሞ በካፎንጋ የክትባት ቀን ነው። ከስምንት መንደር እናቶች ሕፃን አዝለው ይመጣሉ። ማቀዝቀዣው ሞቶ ከነበረ ሐሙስ ለነዚያ ሕፃናት የሚወጋው መድኃኒት ሳይሆን ውኃ ነው።

ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ሮጠች። ኩምዌንዳ ከለጋሾች ፊት የሚዘረጋ ወረቀት ካልሆነ በቀር ዓለም ቢገለበጥ ደንታ የሌለው ሰው ነው። ዓምና መስመሮቹን አይቶ "ይኼ ምነው እዚህም እዚያም ጥርሱ ረገፈ? እንዲህ ያለ ነገር ለእንግዳ ይታያል?" ብሎ ሲነጫነጭባት አስተካክላለት፣ ከዚያ ወዲህ በእሷ ሥራ ይኮራል።

"ብዋና፣ ይኼንን እዩልኝ" አለችው፤ ሠራተኛው ሁሉ አለቃውን ብዋና ነው የሚለው።

አየ። ግንባሩን ኮሰኮሰው። "ሰውዬው እኮ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ምን ቆርጦት ነው?"

"ይኼን እሳቸውን ነው የምንጠይቃቸው።"

"የሚመጣው ሰኞ እንግዶች አሉብኝ። ከዚያ በፊት ይጽዳልኝ።" ደብዳቤ አስጻፈ፣ ፈረመ፣ ማህተም አሳረፈበት። አቶ ሃራዋ ጉዳዩ እስኪጣራ ከጠባቂነት ታግደው ቁልፉን ለወይዘሮ ጎንድዌ ያስረክቡ ይላል። "ነገ ራስሽ ሂጂ፤ ቁልፉን ተቀበይ። ክትባቱን ደግሞ ካመንሽው ይቆይ፣ ካላመንሽው ይጣል።"

ማክሰኞ በጠዋት ልጇን ቴምዋን ለእናቷ ትታ ወጣች። እስከ መገንጠያው በሚኒባስ፣ ከዚያ በካባዛ፣ ሰው በሚጭን ብስክሌት። ብስክሌቱን የሚነዳው ጎልማሳ ዳገቱ ላይ ሲደርስ "ማዳም፣ ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ እንዲህ የከበዳችሁት?" እያለ ይቀልዳል፤ እሷ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስትደረድር ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ ይክዳሉ። ቀጥሎ ይቆጣሉ። ከዚያ ይለማመጣሉ። ለሦስቱም መልስ አዘጋጅታለች።

ሃራዋ በረንዳው ላይ ንሲማቸውን፣ የካሳቫ ገንፎውን፣ ከትንንሽ የሐይቅ ዓሣ ጋር እየጠቀለሉ ሲበሉ አገኘቻቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ የቆየ ክራቫት፣ አንገታቸው ላይ በገመድ የታሰረ ቁልፍ። ሲያዩዋት ተነሡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፣ በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

"ማዳም ኮምፒውተር፤ ደግሞ በእግርሽ መጣሽ? ከዚያ ሆነሽ ሁሉን ታዪ የለም እንዴ?"

"ስላየሁ ነው የመጣሁት፣ አዳዳ። ማቀዝቀዣውን ይክፈቱልኝ።"

"እሺ፣ እንብላ መጀመሪያ።"

"በልቻለሁ" አለች፤ አልበላችም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሙቀቱ ፊት ይልሳል። ሃራዋ ቁልፉን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው ከፈቱ። ዌዚ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ክትባቱ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፤ መሐሉ ላይ አሮጌው የመስታወት ቴርሞሜትር ተጋድሟል። መለኪያዋ የለችም።

"ማሽኑ የታለ?"

ሃራዋ በሩን ቶሎ ዘጉ፤ እንዲሞቅ አይፈልጉም። ከጠረጴዛው መሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጧት። መለኪያዋ ናት። ሽቦዋ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል።

"አወጣኋት" አሉ። አልካዱም። ዌዚ ለክህደቱ ያዘጋጀችው መልስ እጇ ላይ ቀረ። "ሽቦዋ በበሩ ጎማ ሥር ነው የሚያልፈው። ጎማው አርጅቶ ስንጥቅ ፈጠረ፤ ብርዱ ይወጣል። ወይ ሽቦው ይኑር ወይ ብርዱ። እኔ ብርዱን መረጥኩ።"

"መቼ ነው ያወጧት?"

"ዐሥራ አንድ ቀኗ። ሳወጣት ባትሪዋ አብጦ አገኘሁት፤ ነቀልኩት፤ ያው ሞተች።"

ዌዚ ሣቀች፤ ደስ ብሏት ግን አይደለም። "አዳዳ፣ እኔ ኮ ልጅ አይደለሁም። ይቺ ማሽን ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስትልክልኝ ነበር። ትናንት ልካለች፤ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ልካለች። አራት ነጥብ ሦስት፣ አራት ነጥብ ሦስት። የሞተ ነገር ይናገራል?"

"አይናገርም" አሉ ሃራዋ በጥሞና።

"እንግዲያ ብርድ ውስጥ ነበረች። የካባዛው ድምፅ ሲሰማ ነው ያወጧት። ከየት ነው ያወጧት?"

 መልሳቸውን አልጠበቀችም። ዙሪያዋን ስትቃኝ መስኮቱ ደፍ ላይ ሰማያዊ ፔርሙስ ተቀምጧል።  ተንደርድራ ሄዳ ክዳኑን ፈትታ ጣቷን ነከረች፤ ጣቷም ተቃጠለ። ሻይ ነው። ሙልት ያለ ትኩስ ሻይ ከነስኳሩ።

"ኩባያ ላምጣልሽ?" አሉ ሃራዋ።

 አፈረች፤ ስታፍር ደግሞ ይበልጥ ትከርራለች። ከቦርሳዋ ደብዳቤውን አውጥታ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ማህተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ያዘጋጀችለት ቁጣ አልመጣም፤ ልመናውም አልመጣም። ገመዱን በአናታቸው አወጡና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። አንገታቸው ላይ ገመዱ የኖረበት ቦታ ከሌላው ቆዳቸው ቀለል ብሎ ይታያል።

"እኔ ጽፌላችሁ ነበር" አሉ፤ "ሦስት ጊዜ።"

"ምንም አልደረሰንም።"

"ይሆናል" አሉና በረንዳው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ንሲማው ቀዝቅዟል፤ አልነኩትም።

ዌዚ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ማስረጃ ካልተያዘ ነገ ሰውየው ሌላ ወሬ ያወራሉ ብላ፣ ያለፈውን አንድ ሰዓት ቁጥር ከነሰዓቱ አውጥታ ፎቶ ልታነሣው ነው። ስልኳን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች፤ ፕሮግራሟን አስነሣች፤ ጠየቀች። መልሱ ወዲያው መጣ።

ካፎንጋ፣ አሁን፣ አራት ነጥብ ሦስት።

ፎቶውን ልታነሣ ስልኳን ከፍ ስታደርግ ግራ እጇ ውስጥ የያዘችውን አየች። መለኪያዋ ነበረች። ገለበጠቻት። የኋላ ክዳኗ ክፍት ነው፤ ባትሪ የላትም፤ ባዶ ጎጆ ናት። ክፍሉ ደግሞ ምጣድ ነው፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ይሆናል። ደግማ ጠየቀች። አሁን፣ አራት ነጥብ ሦስት። መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደገና ጠየቀች። አራት ነጥብ ሦስት።

ከዚያ ነው የገባት። አዳዳ ሃራዋ አይደሉም የሚዋሹት። መለኪያዋም አይደለችም። በክፍሉ ውስጥ የቀረው የሚናገር ነገር የእሷ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ኮዱን ከፈተች። ከላይ ወደ ታች አንዱን መስመር ከሌላው እያነበበች ወረደች። ሦስት አራተኛ ላይ ስትደርስ አገኘችው፤ ዓምና ኩምዌንዳ ስለ ረገፈው ጥርስ ሲነጫነጭባት በአንድ ከሰዓት የጨመረችው አንድ መስመር። "ቁጥር በሌለበት ያለፈውን ሙላ።" ያን ጊዜ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚፈጠረውን ቀዳዳ ለመሸፈን ነበር። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሞላ ግን አልወሰነችለትም። ለዘላለም ይሞላል። መለኪያ ቢሞት፣ ጣቢያው ቢቃጠል፣ ፕሮግራሟ የመጨረሻዋን ቁጥር ይዛ እስከ ምጽአት ድረስ ትደግማታለች። ስልኳም አይጮኽም፤ አራት ነጥብ ሦስት ደኅና ቁጥር ነውና።

"ያው እንደ ዓርቡ ነው።" ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስታጠፋበት የኖረችው ያ ነገር በገዛ እጇ ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። በአካባቢው ሰው ባለመኖሩ እግዜርን አመሰገነች፤ ፊቷን የሚያይ አልነበረም።

መስመሩን አጠፋችው። ደግማ ጠየቀች። ካፎንጋ ዐሥራ አንድ ቀን ባዶ ሆነ።

ግድግዳው ላይ፣ ሃራዋ የወሩን ቁጥር ለራሳቸው የሚያስቀሩበት ወረቀት በቦርድ ተይዞ ተሰቅሏል። ሄዳ ፊቱ ቆመች። ጠዋት ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ከሰዓት አምስት ነጥብ ሁለት። ጠዋት አራት፣ ከሰዓት አራት ነጥብ ስምንት። እሑድ ከሰዓት ሰባት ነጥብ አራት፤ ጎኑ ላይ "መብራት ጠፋ፤ በሩን አልከፈትኩም፤ ብርድ ልብስ አለበስኩት" ይላል። ሊያስወቅሳቸው የሚችለውን ቁጥር ራሳቸው ጽፈውታል። የሚዋሽ ሰው ሰባት ነጥብ አራት ብሎ አይጽፍም። ከስምንት ግን አልዘለለም፤ አንድም ቀን። የሐሙሱ ክትባት ደኅና ነው።

ቁልፉን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። "አዳዳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች፤ ሌላ የሚባል ነገር አጣች። "ፕሮግራሙ ነው የዋሸኝ። ፕሮግራሙን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፍዎን ይያዙ።"

ሃራዋ እጃቸውን አልዘረጉም። "በደብዳቤ የወጣ ቁልፍ በደብዳቤ ነው የሚመለሰው፣ ማዳም።"

"ልጽፍልዎት እችላለሁ፤ አሁኑኑ።"

"ማህተምስ?" አሉ። አልተቆጡም፤ ግን አላመኗትም። ሲያዩዋት ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ እሷ ሰውን የምታይበት ዓይን እንደሆነ ገባት።

ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሌላ ነገር ደግሞ ታያት። መስመሩ የገባው ለካፎንጋ ብቻ አይደለም። ለአሥራ አራቱም ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ፣ የሁለት ወሩን ጠየቀች፤ ባዶው ባዶ ሆኖ እንዲመጣ። ስክሪኑ ላይ ሲዘረጋ ብዙዎቹ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ሰዓት ቀዳዳ አላቸው፤ ይኼ የኔትወርክ ነው። አንዱ ግን ትልቅ ነበር። ካለፈው ወር ሦስት ቀን እስከ ሃያ ሁለት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ጨለማ። የከተማው ክሊኒክ ነው። ከቢሮዋ መንገድ ተሻግሮ ያለው፣ ነርሷን ሲስተር ምሳምባን እንደ እህቷ የምታምናት፣ ስለዚህም መስመሩን ገረፍ አድርጋ አይታ የምታልፈው።

ቴምዋ እዚያ ነው የተከተበው። ቀኑን ለማስታወስ አልተቸገረችም፤ ዐሥራ ሁለት ነበር፤ በማግስቱ የእናቷ ልደት ነበር። ቢሆንም ስልኳ ላይ ያለውን የጤና ደብተሩን ፎቶ ከፍታ አየች። ዐሥራ ሁለት ይላል።

ደወለች። 

"የቴምዋ እናት!" አለች ሲስተር ምሳምባ በደስታ። "ትናንት እኮ ላንቺ ብዬ ሸንኮራ አስቀምጬ..."

"ሲስተር፣ ባለፈው ወር ከሦስት እስከ ሃያ ሁለት ባለው ማቀዝቀዣው ምን ሆኖ ነበር?"

"ምን ይሆናል? ደኅና ነበረ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"አንቺ አልደወልሽማ። ቢበላሽ እደውላለሁ አላልሽም?"

ዌዚ ዓይኗን ጨፈነች። "መብራት ጠፍቶ ነበር?"

"ኧረ እሱ ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ሳምንት! ሦስት ቀን ጨለማ። ያኔ እኮ ያቺ ማሽንሽም መብራቷ ጠፋ፤ በኋላ ሌላ ባትሪ ሲያመጡ ነው የበራችው። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርገነው ነበር መሰለኝ... አዎ፣ አድርገነዋል። በመጀመሪያው ቀን ይሁን በሁለተኛው እንጃ።"

"ወረቀትስ? የሞላችሁት ወረቀት አለ?"

 "የምን ወረቀት? አንቺ ነሽ እኮ ወረቀት ይቅር ያልሽን።"

ዌዚ ስልኩን ዘጋች። ክትባቱ ተበላሽቷል ቢሏት ይሻላት ነበር። ተበላሽቷልም አልተበላሸምም የሚል ሰው የለም፤ የሚያውቅ የለም፤ መቼም አይታወቅም። በነዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ቀናት እዚያ የተከተቡት በወረዳው መዝገብ ሰባ አንድ ሕፃናት ናቸው። አንዱ የእሷ ነው። ሌሊት ሲያስነጥሰው ደንግጣ የምትነሣለት፣ ሲወጋ ጉንጩን ስማ "አለቀ፣ አለቀ" ያለችው ልጇ።

ከካፎንጋ ስትመለስ በቀጥታ ኩምዌንዳ ቢሮ ገብታ ነገረችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳታስተባብል። ሲያዳምጥ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዌዚ፣ አንድ መስመር ነው አይደል ያጠፋሽው?"

"አንድ መስመር።"

"እስከ ሰኞ መልሺው። እንግዶቹ ይሂዱ። ከዚያ ቀስ ብለን፣ በዘዴ..."

"ብዋና፣ የኔ ልጅ አለ እኮ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ።"

ስልኳ ላይ ያለውን የቴምዋን ደብተር አሳየችው።

"ሰባ አንዱም እንደገና ይጠራሉ፤ ደግሞ ቢከተቡ የሚጎዳቸው ነገር የለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው ይጣላል። ለአዳዳ ሃራዋ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በስሜ ይጻፍበት። እርስዎ ካልፈረሙ እኔው ፈርሜ ካፎንጋ በረንዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።"

ፈረመ። ደስ ብሎት አይደለም፤ ግን ፈረመ።

ረቡዕ ቢሮዋ ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ መሬት ላይ ዘረገፈችው። ሦስቱንም አገኘቻቸው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ አስተያየት በሚለው ጠባብ ዓምድ ውስጥ ተጽፈዋል። "የበሩ ጎማ ተሰንጥቋል፤ የማሽኑ ሽቦ አላዘጋ አለው፤ ሰው ላኩ።" "ሰው አልመጣም፤ ሽቦውን አወጣሁ፤ ቁጥር አይደርሳችሁም፤ እወቁት።" "አሁንም ሰው አልመጣም።" በሦስቱም ላይ፣ ጽሑፉን ገሚስ ሸፍኖ፣ የእሷ ማህተም ተመቷል። ደርሶኛል። ደርሶኛል። ደርሶኛል።

ሐሙስ ቴምዋን አዝላ በሚኒባሱ፣ ከዚያ በካባዛው ወጣች። ጎልማሳው ዘወር ብሎ አይቶ "ዛሬ ኮምፒውተሩን ትተሽ ሰው ይዘሽ መጣሽ" አላት። የካፎንጋ ጤና ጣቢያ በረንዳ እናቶች ሞልተውበታል፤ ማቀዝቀዣው ግን ተቆልፏል። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሃራዋ ክራቫታቸውን አጥብቀው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ደብዳቤውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ፊርማውን አዩ፤ ማህተሙን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ሁለቱን ማህተሞች ጎን ለጎን አስተያዩ። ዌዚ ቆማ ጠበቀች። አልከፋትም፤ እሷም ብትሆን ታደርገው ነበር። ሲጨርሱ አንገታቸውን ጎንበስ አደረጉላት፤ ገመዱን በአናታቸው አጠለቀችላቸው።

ሰነጣጥቆ የነበረው ጎማ ትናንት ዌዚ ቁልፉን አስይዛ በላከችው ሰው ተቀይሯል። ሃራዋ ማቀዝቀዣውን ከፈቱና ቦርዱን ከግድግዳው አውርደው ከነእስክሪብቶው ሰጧት።

"ስንት ልጻፍ?" አለች ሳታስበው።

ሃራዋ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁላት።  ዌዚ ቴምዋን ከጀርባዋ አስተካክላ ጎንበስ አለች፤ ፊቷን ብርዱ ውስጥ አግብታ የመስታወቱን ቴርሞሜትር አየች።

"አምስት ነጥብ አንድ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ደግማ አየች። "አምስት ነጥብ አንድ።"

"እንግዲያ ጻፊው፣ ኛጎንድዌ" አሉ። ማዳም ማለት ቀርቶ፣ በዚያ አገር የተከበረች ሴት እንደምትጠራው በአባቷ ስም ጠሯት። ጻፈች፤ ፈረመችበት።

ከዚያ ወጥታ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ ያለችው እናት ዞራ የቴምዋን ደብተር አየች፤ ከዚያ ዌዚን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ይኼ ልጅ ተከትቦ የለም እንዴ? ቀኑ ተጽፏል።"

"ተከትቧል።"

"ታዲያ ለምን ይደገማል?"

"ያን ጊዜ መድኃኒቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበረ አላውቅም" አለች ዌዚ።

ሴትዮዋ የራሷን ሕፃን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል በጥርጣሬ አየች። "የዛሬውንስ?"

"የዛሬውን በዓይኔ አይቼዋለሁ።"